ነፋስ ሰንጣቂው ቅርጽ፦ ከአየር ምርምር እስከ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ

መግቢያ

የአንድን ዘመን ታሪክ ለማጥናት የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገላብጠው መጻሕፍትን፣ ደብዳቤዎችንና የውል ሰነዶችን ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሠርቶ የሚገለገልባቸው ዕቃዎችም ራሳቸውን የቻሉ የታሪክ ምስክሮች ናቸው። የሸክላ ስባሪ ስለ ጥንት ሰዎች ኑሮ እንደሚነግረን ሁሉ፣ ሬዲዮው፣ አውቶቡሱና የእጅ ባትሪውም ስለ ሠራቸውና ስለ ገዛቸው ሰው የሚናገሩት አላቸው። የሚናገሩበትም ቋንቋ ቅርጻቸው ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን ውስጥ አንድ ቅርጽ ዓለምን አዳረሰ። ማዕዘኑ የተሞረደ፣ ገላው ልሙጥ፣ ከፊቱ ሞላ ብሎ ወደ ኋላው እየሾጠጠ የሚሄድ ቅርጽ ነው። ፈረንጆቹ «ስትሪምላይን» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ነፋስ ሰንጣቂ ቅርጽ» ብለን እንጠራዋለን። ቅርጹ በመጀመሪያ የታየው በአየር መርከብና በአውሮፕላን ላይ ነበር። ቀጥሎ ወደ ባቡርና ወደ አውቶሞቢል ተሻገረ። በመጨረሻም ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ንቅንቅ የማይለው የእርሳስ መቅረጫ እንኳ ይህንኑ ቅርጽ ለበሰ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የማይሮጥ ዕቃ የሩጫ ልብስ ለምን ለበሰ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ከምሳሌዎቻችን አንዱን የምንወስደው በደቡብ ሱዳን ርእሰ ከተማ በጁባ ከሚገኘው ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነው። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጁባ በ1930ዎቹ ዓመታት የታላቁ የአፍሪካ አየር መስመር ማረፊያ ስለ ነበረች፣ ቅርጹ በእርግጥ ሥራ ሲሠራ ያየች ከተማ ናት። ሁለተኛ፣ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን ነግደው በሚያድሩባት በዚህችው ከተማ ገበያ ውስጥ፣ ቅርጹ ለመልክ ብቻ ሲያገለግልም በብዛት ይታያል። የታሪኩ መጀመሪያና መጨረሻ በአንድ ከተማ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ቅርጹ የመጣው ከየት ነው?

ነፋስ ሰንጣቂ ቅርጽ የሰው ሥራ ከመሆኑ በፊት የተፈጥሮ ሥራ ነው። አሣ ፊቱ ሞላ ብሎ ወደ ጅራቱ እየቀጠነ ይሄዳል። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳም አፍንጫው የሾጠጠው ውኃውን ለሁለት ከፍሎ እንዲያልፍ ነው። ታንኳ ሠሪው ሒሳቡን በወረቀት ላይ አላሰፈረም፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ፊት በውኃ ላይ ጉልበት እንደሚበላ ክንዱ ነግሮታል።

ይህንን ነገር በልኬት ለማወቅ ከጣሩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ ነው። ኬይሊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ትራውት የሚባለውን አሣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ዙሪያውን እየለካ፣ ከሁሉ ያነሰ ተቃውሞ የሚገጥመው ቅርጽ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሞከረ። በፓሪስ ታላቁን የብረት ማማ ያሠራው ጉስታቭ ኤፌልም በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን ነገሮች ከማማው ላይ ቁልቁል እየለቀቀ የአየርን ተቃውሞ ለካ፤ በ1909ም በማማው ሥር የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ አቋቋመ። ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንድትል ደግሞ በ1904 ባቀረበው ጥናት፣ አየር በአንድ አካል ገጽ ላይ ተጣብቆ እንዴት እንደሚፈስና የት ላይ እንደሚላቀቅ አስረዳ።

ከነዚህ ምርምሮች የተገኘው ዋና ትምህርት ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ነፋስን ለመሰንጠቅ ፊትን እንደ ጦር ማሾል የሚበቃ ይመስለናል። አብዛኛው ችግር ያለው ግን ከበስተኋላ ነው። አየሩ በአካሉ ዙሪያ ፈስሶ ሲያበቃ ከበስተኋላው በጸጥታ ካልተገናኘ፣ እየተሽከረከረ የሚቀር የተረበሸ አየር ይፈጠራል፤ ያም አካሉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ ተስማሚው ቅርጽ ፊቱ ዱልዱም፣ ኋላው ግን ረዝሞ የሾጠጠ ነው። የአሣም ቅርጽ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የፍጥነት ጉዳይ ነው። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ያድጋል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ይህንን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር አቅም ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ስለሚያድግ፣ ለሦስት እጥፍ ፍጥነት ሃያ ሰባት እጥፍ አቅም ይጠይቃል። ከዚህ የምንረዳው፣ በዝግታ ለሚሄድ ነገር የአየር ተቃውሞ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ በጣም ለሚፈጥን ነገር ግን ዋናው ጠላት መሆኑን ነው። ይህንን ሕግ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚመዘነው በዚሁ ነው።

ለ. በጁባ ሰማይ ላይ

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ ከካይሮ ተነሥቶ የነጭ ዓባይን ተፋሰስ ተከትሎ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስድ መስመር ከፈተ። ጁባም ከማረፊያዎቹ አንዷ ሆነች። ከካይሮ እስከ ኪሱሙ ባለው መስመር ከሠሩት አውሮፕላኖች አንዱ ሃንድሊ ፔጅ ኤች.ፒ.42 ነበር። ይህ አውሮፕላን አራት ሞተርና ድርብ ክንፍ ያለው፣ በክንፎቹ መካከል ብዙ ድጋፎች የቆሙበት፣ ጎማዎቹም በበረራ ላይ እንደ ተንጠለጠሉ የሚቀሩ ነበር። ለተሳፋሪዎች ምቹ ይባል እንጂ የመደበኛ ጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ድጋፍና ያ ሁሉ ጎማ ከአየሩ ጋር ይታገል ነበርና።

ከ1937 ጀምሮ ግን ይኸው ኩባንያ ሾርት ኢምፓየር የተባሉትን በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በአፍሪካው መስመር አሠማራ። እነዚህ በዓባይ ውኃና በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ነጠላ ክንፍ ያላቸው ነበሩ። ሰውነታቸው ልሙጥ ሲሆን ሞተሮቻቸው በክንፉ ውስጥ ተሸፍነው ነበር። የመደበኛ ጉዞ ፍጥነታቸውም በሰዓት ወደ 265 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ለፍጥነቱ መጨመር የሞተሩ መጠንከር ድርሻ ነበረው፤ ዳሩ ግን በአሮጌው ቅርጽ ይህ ፍጥነት ባልተገኘም ነበር። በአንድ ወንዝ ላይ፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ ቅርጽ ሥራ መሥራቱ በዓይን ታየ።

ይህንን ለውጥ ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ግን በአሜሪካ በታኅሣሥ ወር 1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ዳግላስ ዲሲ-3 ነው። ገላው ከልሙጥ አሉሚኒየም ተሠርቶ፣ ሞተሮቹ በሽፋን ተከብበው፣ ጎማዎቹም በበረራ ጊዜ ወደ ላይ እየታጠፉ፣ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። ይህ አውሮፕላን ለእኛ ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (8 ኤፕሪል 1946) ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት፣ ማለትም በሲ-47 ነበር። ስለዚህ ነፋስ ሰንጣቂው ቅርጽ በአየር መንገዳችን ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው በረራ ጀምሮ አለ። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለሚበር ዕቃ ደግሞ ቅርጹ ጌጥ ሳይሆን የነዳጅና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሐ. ከሰማይ ወደ መንገድ

በሰማይ የተገኘውን ዕውቀት ወደ ምድር ያወረዱት በአብዛኛው የአውሮፕላንና የአየር መርከብ መሐንዲሶች ናቸው። ኤድመንድ ሩምፕለር የተባለው አውሮፕላን ሠሪ በ1921 በበርሊን የጠብታ ቅርጽ ያለው አውቶሞቢል ለሕዝብ አሳየ። በዘፔሊን የአየር መርከብ ፋብሪካ የሠራው ፖል ያራይም በዚያው ጊዜ ገደማ ለመኪና የሚሆን ነፋስ ሰንጣቂ አካል ነደፈ። በቼኮዝሎቫኪያ በ1934 የወጣው ታትራ 77 የያራይን ሐሳብ ተከትሎ ተሠራ። በጀርመን ፈርዲናንድ ፖርሼ የነደፈውና ኋላ እኛ «ቮልስ» ብለን የለመድነው ቮልስዋገንም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ንጽጽር አለ። የሩምፕለር መኪና በ1979 በቮልስዋገን ፋብሪካ የነፋስ ዋሻ ውስጥ ሲመዘን፣ የአየር ተቃውሞ መለኪያው 0.28 ሆኖ ተገኘ። የቮልስ መለኪያ ግን ወደ 0.48 ያህል ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ነፋስ የመሰንጠቅ ችሎታው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ለዓይን ድምቡልቡል ብሎ የሚታየው ቮልስ በዕድሜ ከሚበልጠው መኪና በእጅጉ ያንሳል ማለት ነው። ከዚህም የምንማረው፣ ዓይን ለአየር ተቃውሞ ጥሩ ሚዛን አለመሆኑን ነው።

በአሜሪካም የክራይስለር ኩባንያ መሐንዲሶች በነፋስ ዋሻ ብዙ ሙከራ አድርገው በ1934 «ኤርፍሎው» የተባለውን መኪና አወጡ። የዚያን ጊዜ ተራ መኪናዎች ከፊታቸው ይልቅ የኋሊት ቢነዱ የሚገጥማቸው የአየር ተቃውሞ ያነሰ መሆኑን በሙከራቸው ማየታቸው ይነገራል። ይሁን እንጂ ገዢው የአዲሱን መኪና መልክ አልወደደውም፤ ኤርፍሎው በ1937 ከምርት ወጣ። በምርምር የተገኘው ቅርጽ በገበያ ወደቀ። በዚያው ዓመት በ1934 ግን ሌላ ነገር በገበያ ድል እያደረገ ነበር።

መ. የችግሩ ዘመንና ቅርጽ ነዳፊዎቹ

በጥቅምት ወር 1929 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ታላቁ የኤኮኖሚ ቀውስ ተጀመረ። በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። ፋብሪካዎች ማምረት ይችላሉ፤ የሚገዛቸው ግን አልተገኘም። አሮጌው ዕቃ እየሠራ ሳለ ሰው ለምን አዲስ ይገዛል? እዚህ ላይ አዲስ ሙያ ወደ መድረክ ወጣ፤ የኢንዱስትሪ ቅርጽ ነዳፊ የሚባለው ሙያ ነው። የነዳፊው ዋና ሥራ የዕቃውን ልብስ መለወጥና የትናንቱን ዕቃ አሮጌ ማስመሰል ነበር። ለዚህም የተመረጠው ልብስ፣ በዘመኑ ተስፋ የሚጣልበት የፍጥነት ምልክት፣ ማለትም የአውሮፕላኑ ቅርጽ ሆነ።

ከነዚህ ነዳፊዎች ኖርማን ቤል ጌዲስ በ1932 ባሳተመው «ሆራይዘንስ» በተባለው መጽሐፉ የወደፊቱን ባቡር፣ መርከብና መኪና ሁሉ በጠብታ ቅርጽ ሥሎ አሳየ። ሕዝቡን ይበልጥ ያስደነቀው ግን በዓይን የታየው ነገር ነው። በግንቦት 26 ቀን 1934 «በርሊንግተን ዘፈር» የተባለው ዝገት ከማይነካው ብረት የተሠራ ባቡር ከዴንቨር ተነሥቶ 1,633 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ አጠናቅቆ ቺካጎ ገባ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 125 ኪሎ ሜትር ነበር። ለዚህ ድል የዲዝል ሞተሩና የአካሉ ቅለት ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ተመልካቹ ይዞት የተመለሰው ሥዕል ግን የሚያበራውን ልሙጥ ፊት ነበር። ከዚያ ወዲያ ብዙ የባቡር ኩባንያዎች አሮጌውን የእንፋሎት ሞተር በልሙጥ ቆርቆሮ እየሸፈኑ አዲስ አስመሰሉት።

ስለዚህ ዘመን ሲነሣ ሬይመንድ ሎዊን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሎዊ በ1893 በፓሪስ ተወልዶ በ1919 ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነው። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ለእኛ ለመምህራን ቅርብ ነው። በ1929 ጌስቴትነር የተባለው ድርጅት የጽሑፍ ማባዣ መኪናውን መልክ እንዲያሻሽልለት ጠየቀው። ሎዊ ጥርሱና ሽክርክሪቱ ወደ ውጭ አፍጥጦ ይታይ የነበረውን መኪና በሸክላ ጭቃ ሸፍኖ ልሙጥ ቅርጽ አወጣለት። በየትምህርት ቤቱ በስቴንስል ፈተና ስናባዛበት የኖርነው ዓይነት መኪና እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ሽፋኑ መኪናውን አላፈጠነውም፤ ነገር ግን አቧራ እንዳይገባና ልብስ እንዳይያዝ ረድቷል።

ሎዊ በ1935 ለሲርስ የሠራው «ኮልድስፖት» የተባለው ማቀዝቀዣም በገበያ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። መልኩ በየዓመቱ እየተለወጠ መውጣቱም የአምናውን ገዢ በአምናው ዕቃው እንዲያፍር አደረገው። በ1933 የሠራው የእርሳስ መቅረጫ ግን ከሁሉ ይብሳል። በሚያብረቀርቅ ብረት እንደ ጠብታ ተሠርቶ ሊበር የተሰናዳ ይመስላል። ለናሙና ተሠራ እንጂ ለገበያ አልቀረበም፤ ቢሆንም የዘመኑ መንፈስ ማሳያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ድምቡልቡሉ ቅርጽ ማታለያ ብቻ አልነበረም። ቆርቆሮ በከባድ ፕሬስ ሲጫን ከሹል ማዕዘን ይልቅ ክብ ማዕዘን ሳይቀደድ ይወጣለታል። እንቁላል በስስ ልጣጩ ሸክም እንደሚችል ሁሉ፣ ጎበጥ ያለ ስስ ቆርቆሮም ከጠፍጣፋው ይጠነክራል። ክብ ጥግ ለማጽዳትም ይቀላል። ስለዚህ ለአንድ ልሙጥ ዕቃ ቢያንስ ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ነፋሱ፣ ፋብሪካው ወይም ሻጩ። የታሪክ ተማሪ ሥራ እነዚህን መለየት ነው።

ሠ. ቅርጹ በእኛ አካባቢ

ነፋስ ሰንጣቂው ቅርጽ ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው ከአሜሪካ ነጋዴ ጋር ሳይሆን፣ ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር ነው። በዚያን ጊዜ የኢጣልያ ቅኝ ግዛት በነበረችው ኤርትራ፣ ከምፅዋ እስከ አሥመራ ባለው ሐዲድ ላይ በ1930ዎቹ ዓመታት ፊያት የሠራው «ሊቶሪና» ተሰማራ። ሊቶሪና ስሙን ያገኘው ሊቶሪያ ከተባለችውና ፋሺስቶች በ1932 ከመረቋት ከተማ ነው። ፊቱ የተሞረደና ልሙጥ ነው። ነገር ግን የሚሄድበት ሐዲድ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ በገደል ጥግ የሚጠማዘዝ ጠባብ ሐዲድ ነው። በዚያ ዳገት ላይ የተሞረደው ፊት ከነፋስ ያተረፈው ነገር ጥቂት ነው። ሊቶሪና ከእንፋሎቱ ባቡር የተሻለው በቅለቱና በሞተሩ ነበር፤ ፊቱ ግን ለተመልካች «አዲስ ዘመን መጣ» ይል ነበር።

በአሥመራ ከተማ ውስጥ በ1938 የተሠራው የፊያት ታሊየሮ ነዳጅ ማደያ ደግሞ ነገሩን እስከ መጨረሻው ወሰደው። ጁዜፔ ፔታትሲ የነደፈው ይህ ሕንፃ በግራና በቀኝ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር የሚሆኑ የሲሚንቶ ክንፎች አሉት፤ ክንፎቹንም ከሥር የሚደግፍ ምሰሶ የለም። አውሮፕላን ይመስላል፤ ግን አይበርም። እንደ ምሕንድስና ሥራ የሚደነቅ ነው፤ አሥመራም በ2017 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ካስመዘገቧት ሕንፃዎች ጋር ይቆጠራል።

ነገር ግን አንድ የታሪክ መምህር ይህንን ሕንፃ ለተማሪዎቹ ሲያሳይ ሌላውን ገጽ አብሮ መግለጥ ይኖርበታል። ክንፉ በሲሚንቶ ከመሠራቱ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1935 እና በ1936፣ እውነተኞቹ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያዘንቡ ነበር። ፍጥነትና ልሙጥነት የሥልጣኔ ምልክት ተደርገው በቀረቡበት ዘመን፣ የዚያ ሥልጣኔ ባለቤት ነኝ ባዩ የፈጸመው ይህንን ነው። ስለዚህ የዕቃ መልክ ብቻውን ስለ ሠሪው ልብ አይመሰክርም።

ከጦርነቱ በኋላ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለብዙ ዓመታት የተለመደው ነፋስ ሰንጣቂ መኪና ቮልስ ነው። ቮልስን በከተማችን ያቆየው ነፋስ መሰንጠቁ አይደለም። በቁልቁለትና በዳገት በተሞላው፣ መንገዱም ሁሉ ባልተስተካከለው ከተማ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተሩ የራዲያተር ውኃ አይጠይቅም፤ ሞተሩ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ስለ ተቀመጠም ጎማዎቹ መሬቱን ይዘው ይወጣሉ። መካኒኩም በቀላሉ ይፈታዋል፤ ይገጥመዋል። ገዢው የወደደው መልክና ያገለገለው ጥቅም ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ነበሩ።

ሕዝባችን ለመኪና የሚያወጣው ስምም የቅርጽን ታሪክ ይነግረናል። አንዱን የቶዮታ ሚኒባስ ዓይነት «ዶልፊን» ሲለው፣ የፊቱን ልሙጥነት አይቶ በባሕር እንስሳ መስሎታል። አካሉ በአገር ውስጥ የሚሠራውን የአይሱዙ አውቶቡስ ግን «ቅጥቅጥ» ይለዋል፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ማለት ነው። አንደኛው ስም መልክን፣ ሁለተኛው ስም አሠራርን ይገልጻል። ቅጥቅጡ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነው ሠሪው ውበት ስላላወቀ አይደለም። በየአቅጣጫው የጎበጠ ቆርቆሮ ለማውጣት ከባድ ፕሬስና ውድ ቅርጽ ማውጫ ያስፈልጋል፤ ወጪውም የሚመለሰው በብዙ ሺህ ሲመረት ነው። በመዶሻና በብየዳ ለሚሠራ ሰው ጠፍጣፋው ቅርጽ የሚያዋጣ ነው። ሲጎዳም እዚያው ሰፈር ውስጥ ይጠገናል።

ረ. ኮንዮ ኮንዮ፦ ቅርጽ በገበያ

አሁን ወደ ጁባ እንመለስ። ኮንዮ ኮንዮ በከተማዋ ካሉት ትልልቅና ነባር ገበያዎች አንዱ ነው። ከዩጋንዳ በኒሙሌ በኩል በሚገባው መንገድ የሚመጣ ሸቀጥ ይራገፍበታል፤ የሚኒባሶችና «ቦዳ ቦዳ» የሚባሉት የሞተር ብስክሌቶች ግርግር አይለየውም። የአገሬው ሰው፣ ዩጋንዳዊው፣ ሱዳናዊውና ኢትዮጵያዊው ጎን ለጎን ይነግዳሉ። እንዲህ ያለ ገበያ ለቅርጽ ታሪክ ተማሪ እንደ ቤተ መዘክር ነው።

ቦዳ ቦዳውን እንመልከት። በሰው በተጨናነቀ የገበያ መንገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ከዲሲ-3 ፍጥነት አንድ አሥራ አምስተኛ ነው። በዚያ ፍጥነት ለአንድ ዓይነት አካል የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ በዲሲ-3 ፍጥነት ከሚገጥመው 225 ጊዜ ያንሳል። በሞተሩ ፊት የተለጠፈው ሹል ፕላስቲክና በጎኑ የተሰመረው የመብረቅ መስመር ለዚህ ጉዞ የሚያደርጉት እርዳታ የለም። ይልቁንም ነጂው፣ ከኋላው የተቀመጠው ሰውና የታሰረው ጀሪካን ነፋሱን የሚጋፈጡት እነሱ ናቸው። ለነጂው የሚጠቅመው ጠንካራ የዕቃ መጫኛ፣ ጥሩ ፍሬንና በቀላሉ የሚገኝ መለዋወጫ ነው።

ፔርሙዙንም እንውሰድ። እሱም ድምቡልቡል ነው፤ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ድርብ ብርጭቆ በመካከሉ አየር የለውም፤ የውጭው አየር ግፊት እንዳይሰብረው የሚችለው ክብ ሲሆን ነው። የልብስ መተኮሻው አፍንጫ የሾለውም በቁልፍና በኮሌታ መካከል እንዲገባ ነው። የፕላስቲክ ባልዲውና ወንበሩ ጥጋቸው የተሞረደው የቀለጠው ፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫውን በደንብ እንዲሞላና ከሹል ጥግ ስንጥቅ እንዳይጀምር ነው። እነዚህ ሁሉ ክብነታቸው ሥራ ይሠራል፤ ከነፋስ ጋር ግን ጉዳይ የላቸውም።

በአንጻሩ ወደ ኋላ እንደ ተነፈሰ ተጋድሞ የተሠራ ሬዲዮ፣ ወይም የሮኬት ክንፍ የተለጠፈበት የእጅ ባትሪ ስናይ፣ የ1930ዎቹ የሻጭ ዘዴ በሕይወት መኖሩን እንረዳለን። ዘዴው የተፈለሰፈው አምራቹ ከሚሸጠው በላይ ማምረት በቻለበት፣ ገዢው ደግሞ ገንዘቡን በያዘበት ጊዜ ነበር። ዛሬም ጥቂት ገንዘብ ይዞ ገበያ የሚወጣው ሰው በዚሁ ዘዴ ይፈተናል። ለሀብታሙ አሜሪካዊ ዋጋው የአንድ ዓመት ፋሽን ነበር። ለቀን ሠራተኛው፣ ለአነስተኛ ነጋዴውና ለአስተማሪው ግን የተሳሳተ ምርጫ ዋጋ የወር ቀለብ ሊሆን ይችላል። የቅርጽ ታሪክ ማወቅ የቅንጦት ትምህርት አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ሰ. በክፍል ውስጥ

ይህንን ርእስ የታሪክ፣ የፊዚክስና የሙያ ትምህርት መምህራን ተባብረው ቢያስተምሩት መልካም ነው። ለሙከራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ሻማ ይብራ። ከፊቱ ክብ ጠርሙስ ይቁምና ተማሪው ከጠርሙሱ በዚህኛው ወገን ሆኖ በኃይል እፍ ይበል፤ ከጠርሙሱ በስተጀርባ ያለው ሻማ ይጠፋል። አየሩ በክቡ ገላ ዙሪያ ዞሮ ተገናኝቷልና። ቀጥሎም በጠርሙሱ ቦታ ስፋቱ ተመሳሳይ የሆነ ደብተር ይቁም። አሁን ሻማው አይጠፋም፤ እንዲያውም ነበልባሉ ወደ ደብተሩ ያዘነብላል። ከደብተሩ በስተኋላ የቀረው የተረበሸ አየር ወደ ራሱ ይስበዋልና። ያ ስበት አውሮፕላንን ወደ ኋላ የሚጎትተው ያው ኃይል ነው።

ከሙከራው ቀጥሎ ተማሪዎች ከቤታቸው አንድ አንድ ዕቃ አምጥተው ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት፦

1ኛ. ይህ ዕቃ ይንቀሳቀሳል ወይ? ከተንቀሳቀሰስ ነፋስ ጉዳዩ እስኪሆን ድረስ ይፈጥናል?

2ኛ. ከምን ተሠራ? በየትኛው መሣሪያ? ቅርጹ ከአሠራሩ የመጣ ይሆን?

3ኛ. ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? እንዲገዛ የተፈለገውስ ማን ነው?

ለሦስቱም መልስ ሲገኝ፣ ዕቃው የለበሰው ቅርጽ የነፋሱ፣ የፋብሪካው ወይም የሻጩ መሆኑ ይለያል።

ማጠቃለያ

ነፋስ ሰንጣቂው ቅርጽ ከአሣ ተለክቶ፣ በነፋስ ዋሻ ተፈትኖ፣ በዓባይና በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ሰውን ፈጥኖ አድርሷል። ይህ የሣይንስ ድል ነው። ከዚያም በችግር ዘመን የገበያ ልብስ ሆኖ ማቀዝቀዣን፣ ማባዣ መኪናንና ነዳጅ ማደያን አለበሰ። ከአምባገነን ጋር ሲሰለፍም አይተነዋል።

ነገ ከተማሪዎቻችን መካከል አንዳንዶቹ ዕቃ ገዢዎች ብቻ አይሆኑም። አካል ቀጥቃጭ፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ መሐንዲስና ፋብሪካ መሪ ይሆናሉ። እነሱ የሚሠሩት ጋሪ፣ ወፍጮና አውቶቡስ የሚመዘነው በባዕድ አውሮፕላን መልክ አይደለም። በራሳችን መንገድ ፍጥነት፣ በራሳችን ጠጋኝ እጅና በራሳችን ገዢ ኪስ ነው። የቅጥቅጡ ጠፍጣፋ ጎን ለሥራው ተስማሚ ከሆነ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሰማይ ለሚሰነጥቀው የአውሮፕላን ክንፍ የተሰጠውን ክብርም፣ ከጠረጴዛ ለማይነሣው ሬዲዮ መስጠት አያስፈልግም።